ምዕራፍ ስድስት፦ ጥሪው መድረሱን ማን ይቆጣጠራል?

ጉና ተራራ ላይ የወረደ ዝናብ ፎገራ ሜዳ ላይ ጎርፍ ሆኖ እስኪደርስ ሰዓታት ይወስድበታል። የርብም የጉማራም መነሻ ጉና ነው። ርብ ወደ ሊቦ ከምከም ያቀናል፤ ጉማራ ደግሞ የእስቴን፣ የፋርጣንና የደራን ውኃ እየሰበሰበ ይወርዳል። ሁለቱም ዳገቱን ጨርሰው ጣና ዳር ካለው ለጥ ያለ ሜዳ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፤ ያግበሰበሱትን ደለል ያራግፋሉ፣ ሞልተውም ዳር እስከ ዳር ይተኛሉ። ደራ ውስጥ አንበሳሜ ላይ ዶፍ ሲወርድ፣ ወረታ ዙሪያ ያለው ገበሬ በጠራ ሰማይ ሥር ሩዙን እያረመ ሊሆን ይችላል። በመካከል ያሉት ሰዓታት ከብቱን ወደ ከፍታ ለማውጣት፣ እህሉን ከጎታ ለማሸሽ፣ አቅመ ደካማውን ለማሻገር ይበቃሉ። የሚበቁት ግን ወሬው ከውኃው ከቀደመ ነው።

ወሬው እንዲቀድም ማድረግ የማን ሥራ ነው? ሳይቀድም ቢቀርስ የሚጠየቀው ማነው? በአገራችን ሁለተኛው ጥያቄ ብዙም አይነሳም። ጎርፍ ሲመጣ የምንቆጥረው የተፈናቀለውን ሰውና የተበላሸውን ሄክታር ነው። ሳይደርስ የቀረውን ጥሪ የሚቆጥር የለም።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ሐሙሲትን አልፎ ወረታ ሳይገባ የጉማራን ድልድይ ይሻገራል። እዚያ የወንዙ ከፍታ የሚለካበት ጣቢያ አለ። በአገራችን ወንዞች የተለመደው አለካክ ቀላል ነው፤ በሜትርና በሴንቲ ሜትር ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ውኃው ዳር ይተከላል፣ እዚያው አካባቢ የሚኖር አንድ ተመልካች ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወርዶ ያነባል፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ተመልሶ ያነባል፣ ያነበበውንም መዝገብ ላይ ያሰፍራል። መዝገቡ በየጊዜው ይሰበሰባል። የግድብ መሐንዲሱ፣ የመስኖ አጥኚው፣ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሁሉ በዚያ ቁጥር ይኖራሉ፤ ተመልካቹም የሚገባውን ያህል አልተመሰገነም። ይሁንና ሥርዓቱ የተዘረጋው ለነገ ጥናት እንጂ ለዛሬ ሌሊት አይደለም። ወንዙ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሞልቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከጎደለ፣ የሁለቱም ቀን ንባብ ደህና ነው የሚለው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ይህ ጉድለት በመላ አገሪቱ ተጋለጠ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በተኛበት ወሰደ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ኦሞ ወንዝ ዳሰነች ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጨረሰ። በዚያው ክረምት ጣና ዙሪያም ፎገራና ሊቦ ከምከም ውኃ ውስጥ ገቡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ነው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ቀጣናዊ ጽሕፈት ቤት፣ በተለምዶ ኤንትሮ የሚባለው፣ የጎርፍ ዝግጁነትና የቅድመ ማስጠንቀቂያ ፕሮጀክት ይዞ ወደ ፎገራ የመጣው። ዛሬ በክረምት ወራት ለጣና ዙሪያ የጎርፍ ትንበያ ይወጣል። በ2012 ክረምትም ግን ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደንቢያ እንደገና ተጥለቀለቁ። ትንበያ መኖሩ ብቻውን አልበቃም።

ትንበያው ከወጣ በኋላ ያለውን መንገድ እንከተለው። ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከባሕር ዳር ወደ ዞኑ መቀመጫ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ናበጋ፣ ሻጋ ወይም ዋገጠራ ቀበሌ ያለው ገበሬ ጆሮ የሚደርሰው የመጨረሻውን እርምጃ አልፎ ነው። በየእርምጃው መልእክቱን የሚያሳልፈው የአንድ ሰው የኪስ ስልክ ነው። ያ ሰው ስብሰባ ላይ ከሆነ፣ ባትሪው ካለቀ፣ መብራት ጠፍቶ የአካባቢው የስልክ ማማ ጄኔሬተር ነዳጅ ከጨረሰ፣ ወይም እሑድ ከሆነ፣ መልእክቱ እዚያው ያድራል። ከቀበሌው ወዲያ ደግሞ ስልክም ዋስትና አይደለም፤ ጡሩምባ፣ እሪታና የቤተ ክርስቲያን ደወል ገና ከሥራ አልተሰናበቱም። እንደኔ እንደኔ መሰናበትም የለባቸውም። ባትሪ አይፈልጉም፤ ማንም ከማዕከል ሊዘጋቸው አይችልም።

የፎገራ ገበሬ ውኃን ሁሉ ጠላት እንደማያደርግ መናገር ይገባል። ደለሉ ማዳበሪያው ነው። ሩዝም ወደዚህ አገር የገባው መሬቱ ውኃ ስለሚያዝል ነው፤ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ተሞክሮ የተስፋፋው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን የወሰደው ከደራ ወረዳዋ ጅግና ነው። ስለዚህ ገበሬው የሚፈልገው «ጎርፍ ይመጣል» የሚል ደረቅ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ ጎርፍማ በየዓመቱ ይመጣል። ስንት ሰዓት ላይ፣ እስከ የት፣ የሚለውን ነው። ይህን ደግሞ ሊነግረው የሚችለው ከላይ ያለው ሰው ነው፤ የእስቴው፣ የአንበሳሜው። ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተመደበና የሚጠየቅበት ባለቤት ያለው መስመር ያስፈልጋል።

ከጎርፉ ወደ አምቡላንሱ እንለፍ። አዲስ አበባ ያለ ሰው እሳት ሲነሳበት 939፣ ፖሊስ ሲፈልግ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ሲሻ 907 ይደውላል። በገጠር ወረዳ ነገሩ ሌላ ነው። መንግሥት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በመቶዎች የሚቆጠሩ አምቡላንሶች ገዝቶ ለየወረዳው ሲያከፋፍል፣ መኪናው መጣ፣ ሾፌር ተቀጠረ፣ የጥሪ ማዕከል ግን አብሮ አልመጣም። በብዙ ወረዳዎች ሕዝቡ የሚያውቀው ቁጥር የሾፌሩ የግል ሞባይል ነው፤ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ በማርከር ተጽፎ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ውስጥ «አምቡላንስ» ተብሎ ተቀምጦ ይገኛል።

ከአንበሳሜ ራቅ ባለ ጎጥ ምጥ የጠናባት እናት አለች እንበል። ባልየው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ይደውላል። «ወንድሜ፣ እባክህን ድረስልን!» ሾፌሩ ሌላ ታካሚ ይዞ ወደ ደብረ ታቦር መንገድ ላይ ነው። «አሁን አልመለስም፤ ለሌላኛው ደውሉ» ይላል። ሌላኛው ማነው? ቁጥሩስ? ይህ ጥሪ የት ተመዘገበ? ስንት ደቂቃ ወሰደ? የትም አልተመዘገበም። ሾፌሩ ሥራ ሲቀይር ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ባለበት ይቆያል። ሾፌሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ሰውዬው በገዛ ስልኩ፣ ብዙ ጊዜም በገዛ ካርዱ፣ መንግሥት ሊዘረጋው የሚገባውን መስመር ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

እንግዲህ መንግሥት በመገናኛ ላይ ቁጥጥር የለውም ማለት ነው? አለው እንጂ፤ ጠንካራ ቁጥጥር አለው። ግን የተነጣጠረው ሌላ ቦታ ላይ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ የሠራ፣ ያስገባ ወይም ለሽያጭ ያቀረበ ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ብር መቀጮ እንደሚጠብቀው ደነገገ። ሬዲዮ መገናኛ፣ የሳተላይት ስልክ፣ ሪፒተር፣ ሁሉም ፈቃድ ይሻሉ። ለዚህም ምክንያት አለው። የሬዲዮ ሞገድ የተወሰነ ሀብት ነው፤ ሁሉም እንዳሻው ከተናገረበት የአውሮፕላኑም የፖሊሱም መስመር ይረበሻል። ጦርነት ባለበት አገር ደግሞ ሬዲዮ የማን እጅ ላይ እንዳለ ማወቅ የማይፈልግ መንግሥት የትም አይገኝም። የረድኤት ድርጅቶችን ላንድ ክሩዘር ያየ ሰው ከፊት መከላከያው ላይ ተነስቶ ወደ ኋላ የተለመጠውን ረጅም አንቴና ያስታውሳል። ያ ኮዳን የሚሉት ሬዲዮ ነው፤ ማማ በሌለበት ምድር ከመቶ ኪሎ ሜትሮች ማዶ ያነጋግራል። እያንዳንዱ አንቴና ከጀርባው የፈቃድ ወረቀት አለው።

ይህ ቁጥጥር ምን ያህል ሊከር እንደሚችል በ2013 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ኤጀንሲ የድንበር የለሽ ሐኪሞችን የሆላንድ ክፍልና የኖርዌይን የስደተኞች ምክር ቤት ጨምሮ የሦስት ድርጅቶችን ሥራ ለሦስት ወር አገደ። በሐኪሞቹ ላይ ከቀረቡት ክሶች አንዱ ያለ ተገቢ ፈቃድ የሳተላይት ሬዲዮ አስገብተው ተጠቅመዋል የሚል ነበር። ያን ጊዜ ትግራይ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ፣ ቁስለኛ የጫነ አምቡላንስ ከሆስፒታሉ ጋር የሚነጋገርበት መደበኛ መስመር አልነበረም። ፈቃድ ሰጪው ወገን ሕግ አስከበርኩ ይላል፤ ሐኪሙ ያለ ሬዲዮ እንዴት ልሥራ ይላል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። የጎደለው «ይህን መሣሪያ ካልፈቀድኩ በምትኩ ምን እሰጣለሁ?» ብሎ እንዲመልስ የሚገደድ አካል ነው።

ወደ አማራ ክልል ስንመጣ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በእነዚያ ቀናት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተዘጋ፣ መዘጋቱም ለወራት ዘለቀ። በአንዳንድ አካባቢዎች የድምፅ ጥሪም የጠፋባቸው ጊዜያት ነበሩ። ወቅቱ ክረምት ነበር፤ ርብም ጉማራም የሚሞሉበት። ስለ መዝጋቱ ትክክለኛነት የተለያየ አቋም ሊያዝ ይችላል። እኔ ግን ከዚያ ጠበብ ያለ ነገር ነው የምለው፦ ኢንተርኔት ሲዘጋ የሚዘጋው የፖለቲካ ወሬ ብቻ አይደለም። የጤና ባለሙያው የወረርሽኝ ሪፖርት የሚልክበት የቴሌግራም ቡድንም ይዘጋል፤ የወረዳው ባለሙያ የትንበያ ሰነድ የሚቀበልበትም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል፤ ቦርዱ የታሰሩትን ስም ይፋ የማድረግና በእስረኞች ላይ ኢሰብዓዊ ድርጊት እንዳይፈጸም የመቆጣጠር ሥልጣን አለው። የአምቡላንስና የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መስመር ከመዘጋት ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ እንዲህ ያለ ዓይን ግን አልተበጀም። ሲዘጋ ሁሉም በአንድነት ይዘጋል።

ሀብታሞቹ አገሮችም ይህን ሲያውቁት ከፍለውበት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ኒው ዮርክ ውስጥ ከተጠቁት መንትያ ሕንፃዎች ደቡባዊው ከተደረመሰ በኋላ፣ ሰሜናዊው ሳይወድቅ 29 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነበር። የፖሊስ ሄሊኮፕተሮች ከላይ አደጋውን አይተው በሬዲዮ አስጠንቅቀዋል። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ግን በሌላ ሬዲዮ፣ በሌላ ሞገድ ላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ማስጠንቀቂያውን አልሰሙም፣ ሌሎች የመውጫ ትእዛዝ ሰምተውም ጊዜ አላገኙም። በዚያ ቀን 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። አሜሪካ ለሕይወት አድን ሠራተኞች የሚሆን አንድ አገር አቀፍ መረብ ለመዘርጋት ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ፈርስትኔት ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ኤቲ ኤንድ ቲ ለተባለው ኩባንያ በ25 ዓመት ውል ተሰጠ። ኩባንያው መረቡን ይሠራል፣ የመንግሥት አካል ደግሞ ውሉን ይቆጣጠራል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2024 በዚሁ ኩባንያ ውስጥ አንድ የተሳሳተ ቅንብር መረቡን ለሰዓታት ሲጥለው፣ የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መርምሮ ከ25 ሺህ በላይ የድንገተኛ (911) ጥሪዎች እንደከሸፉ በይፋ አወጣ። አውስትራሊያም እንዲሁ፦ ኦፕተስ የተባለው ኩባንያ መረብ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2023 ሲወድቅ 2,145 ሰዎች የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩን ሞክረው እንዳላገኙ ተቆጣጣሪው ቆጥሮ፣ ኩባንያው ከ12 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ከፈለ።

እነዚህን ምሳሌዎች ያመጣሁት የእነሱ መረብ አይወድቅም ለማለት አይደለም፤ ይወድቃል። 2,145 የሚለውን ቁጥር ለማሳየት ነው። አንድ ሰው በሕግ ተገዶ ቆጥሮታል። ሁለት ሺህ ያህል እንኳ አላለም፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ አምስት አለ።

እኛ ዘንድ ሊቆጥር የሚችለው አካል አለ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይሰጣል፣ የሬዲዮ ሞገድ ይደለድላል፣ የቁጥር ዕቅዱን ያስተዳድራል፣ የአገልግሎት ጥራትን ይከታተላል። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ተቆጣጣሪው ቢኖርም የሚቆጣጠረው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ካገኘ ወዲህ ሁለት ኩባንያ ሆኗል። የአንዱ ኩባንያ ማማ ሲወድቅ ደንበኛው የድንገተኛ ጥሪውን በሌላው ማማ በኩል እንዲያደርስ ማስገደድ በሌላው ዓለም የተለመደ አሠራር ነው። ለፎገራ ይህ ትርፉ ብዙ ነው፤ ሜዳው ላይ ውኃ ሲተኛ የመብራት ምሰሶም የማማ ጄኔሬተርም አብረው ይጎዳሉና።

መንግሥት መስመር መዘርጋት አቅቶት አይደለም። ወረዳ ኔት የተባለው መረብ በ1990ዎቹ መጨረሻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን በሳተላይት ጭምር ከፌዴራልና ከክልል ጋር አገናኝቷል፤ በዚያ መስመር የቪዲዮ ስብሰባ ተካሂዷል፣ መመሪያ ወርዷል፣ ትምህርት ተላልፏል። ከላይ ወደ ታች ለመናገር ገንዘቡም ባለሙያውም ተገኝቷል። ከጤና ኬላው ወደ ላይ፣ ከጉማራ ድልድይ ወደ ጎን፣ ለዚያ ግን ባለቤት አልተገኘም። ችግሩ የድህነት ብቻ ነው የሚለውን ክርክር የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሬዲዮ ሁሉን ያድናል ማለትም ስሕተት ነው። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ውስጥ መሬት ሲንሸራተት፣ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች፣ መምህራንና የጤና ሠራተኞች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ፤ በጠቅላላው ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሬዲዮ ቢይዙ ይተርፉ ነበር የሚል ሰው ካለ ማስረጃ የለውም። ነገር ግን ከጥፋት በኋላ በይፋ ሊጠየቅ የሚገባ ጥያቄ አለ፦ መጀመሪያ ማን ደወለ፣ ለማን፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ የተደወለለትስ ምን አደረገ? ይህ የጊዜ ቅደም ተከተል ተጽፎ ለሕዝብ ካልቀረበ ቀጣዩ ወረዳ ምንም አይማርም።

ይህን ለማስጀመር አዲስ አበባን መጠበቅ አያስፈልግም። የወረዳ ምክር ቤት የወረዳውን ሥራ አስፈጻሚ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ደራ፣ ፎገራ ወይም ሊቦ ከምከም ውስጥ የምክር ቤት አባል የሆናችሁ፣ ወይም አባሉን የምታውቁ፣ ክረምቱ ሳይገባ ግንቦት ላይ ይህን ጠይቁ፦ የአምቡላንሱ ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ ነው ወይስ የሾፌሩ? ካርዱንስ ማን ይሞላል? ጉማራ ሌሊት ሲሞላ ከአንበሳሜ ወረታ የሚደውለው ሰው ማነው፣ እሱ ባይኖርስ ተተኪው? ባለፈው ክረምት ሳይመለስ የቀረ ጥሪ ስንት ነው? «አላውቅም» የሚል መልስ ከመጣ እሱም መልስ ነው፤ በቃለ ጉባኤ አስይዙት፤ ጥቅምት ላይ ተመልሳችሁ ጠይቁ።